ትንንሾቹን በዓላትስ ማን ያንሳቸው?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

አስቀድሜ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም ለመላው አንባቢያን፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ እላለሁ። እኔ በአዲስ አበባ በሠርግ፣ በክርስትና፣ በምርቃትና በልደት እየተጠራሁ የምሠራ ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ፤ ጋዜጣችሁንም ከፎቶው ጀምሬ ወደ ጽሑፉ የምዘልቅ የዘወትር ደንበኛችሁ ነኝ። የምጽፍላችሁ ጉዳይ ቅሬታ ቢመስልም የበዓል ሰሞን ቅሬታ ነውና ፈገግ ተብሎ እንዲነበብልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ዓመት በመጣ ቁጥር በመስከረም ዕትሞቻችሁ የፎቶ ገጽ ላይ የምናገኘው ነገር አስቀድሞ የታወቀ ነው። አደይ አበባ የታቀፈች ነጭ ለባሽ ልጅ፣ በመስቀል አደባባይ ከፊት ለፊት የተነሳ ደመራ፣ በገበያ መሐል ቁልቁል የተንጠለጠለ ዶሮ፣ ቀጥሎም በቢሾፍቱ ሆራ ሀርሰዴ ዳርቻ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ የቆመ ሕዝብ እናያለን። ፎቶዎቹ መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ከአንሺዎቹ መካከል በሥራቸው የምቀናባቸው ባለሙያዎች አሉ። ነገር ግን የዘንድሮውን ገጽ ከአምናው ጎን አስቀምጦ ለሚያይ ሰው ልዩነቱን የሚነግረው ከላይ የታተመው ቀንና የዶሮው ዋጋ ብቻ ነው።

የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍረዋል፤ እነዚህ ታላላቅ በዓላት ከእንግዲህ ካሜራ ያጣሉ ብሎ የሚሰጋ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔን የሚያሳስቡኝ በየግቢውና በየሰፈሩ የሚከበሩት፣ በአክስት ወይም በጎረቤት ስልክ ተነስተው እዚያው ስልክ ውስጥ የሚቀሩት፣ ስልኩ ሲጠፋም አብረው የሚጠፉት ትንንሾቹ በዓላት ናቸው። እንጀራዬ የወጣው ከእነሱ ስለሆነ ውለታቸውን ለመክፈል ያህል ጥቂት ልናገርላቸው።

ለልጆች በዓሉ የሚጀምረው መስከረም 1 ቀን አይደለም። ነሐሴ 13 ቀን፣ በቡሄ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ሆያ ሆዬ የሚሉት ወንዶች ልጆች ዛሬ ዛሬ ከሙልሙሉ ይልቅ ብሩን እንደሚመርጡ የማያውቅ የቤት እመቤት የለም፤ ሙልሙል ብቻ ተሰጥቷቸው ሲመለሱ የሚያሳዩትን ፊት ማንሳት የቻለ ሰው ግን የዓመቱን ምርጥ ፎቶ አነሳ ማለት ነው። ጳጉሜን 3 ቀን፣ በሩፋኤል፣ ዝናብ ከጣለ ሕፃናቱ ሊጠመቁበት እየተሯሯጡ ወደ ደጅ ይወጣሉ። እናቶቻቸው በሌላ ቀን «ጉንፋን ይይዛችኋል» ብለው የሚቆጡበትን ዝናብ በዚያን ቀን «በረከት ነው» ብለው ስለሚፈቅዱላቸው፣ በፊታቸው ላይ የሚታየው ደስታ ከሌላው ቀን ጨዋታ ይለያል። እኔ ካሜራዬን በፌስታል ሸፍኜ ከበረንዳ ሥር ሆኜ ነው የማነሳቸው፤ ልጆቹ ግን ፎቶ አንሺ ደረቅ ሆኖ መቅረት የለበትም ብለው ስለሚያምኑ የበረንዳው ጥበቃ ብዙም አይዘልቅም። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ደግሞ ልጃገረዶቹ በማለዳ አበባየሆሽ እያሉ ይመጣሉ፣ ወንዶቹም የሣሉትን መልአክና አበባ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ አንዳንዱ ሥዕል ፎቶ ኮፒ ሆኖ ቀለም ብቻ የተቀባ መሆኑን እያወቅን «እንዴት ያምራል!» እያልን እንቀበላለን።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው የሰፈር ደመራ ነው። መስከረም 16 ቀን በመስቀል አደባባይ የሚለኮሰውን ደመራ በቴሌቪዥን ሁላችንም እናየዋለን፤ በየሰፈሩ መታጠፊያ ላይ የሚተከለው ግን የራሱ ሥርዓት አለው። ወጣቶቹ ለችቦ መግዣ ቤት ለቤት እየዞሩ ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ የሰበሰቡት ገንዘብና የቆመው ደመራ መጠን ለምን እንዳልተመጣጠነ የሚጠይቅ ሰውም በየዓመቱ አይጠፋም። የመስከረም ዝናብ እንጨቱን አርጥቦት ስለሚያድር ቄሱ ባርከው ከለኮሱት በኋላ ደመራው ይጨሳል እንጂ አይነድም። በዚህ ጊዜ አንድ ጎረምሳ ከየት እንዳመጣው በማይታወቅ ጠርሙስ ጋዝ ይዞ ብቅ ይላል፣ ሽማግሌዎቹም ያላዩ መስለው ፊታቸውን ዞር ያደርጋሉ። እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ደግሞ ምሰሶው ወዴት ይወድቃል የሚለው ክርክር ይጀመራል። የወደቀበትን አቅጣጫ አይቶ ዓመቱን የሚተነብይ አዋቂ በየሰፈሩ አለ፤ ሁለት አዋቂ ያለበት ሰፈር ደግሞ ሁለት ዓይነት ዓመት ይጠብቀዋል።

ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ እሳቱ ሲያነሳ እኔ ጀርባዬን ለእሳቱ ሰጥቼ ወደ ሰዉ እዞራለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ነበልባሉን ፊት ለፊት ያየ ካሜራ ከእሳቱ በቀር ሌላውን ሁሉ ጥቁር አድርጎ ያስቀረዋል፣ በጨለማ ውስጥ የተነሳ ነበልባል ደግሞ የየትም አገር ነበልባል ነው። እሳቱን ከኋላ አድርገው ሲዞሩ ግን ያው እሳት መብራት ይሆናል፤ በየፊቱ ላይ የሚወርደው ብርሃን ሞቃትና ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ፍላሽ ማብራት ያንን ቀለም መግደል ነው። አንድ ጊዜ አንዲት አያት ሙቀቱ እንዳይፈጃት ብለው የነጠላቸውን ጫፍ በልጅ ልጃቸው ፊት ላይ ጋርደው ሲቆሙ፣ ልጅቷ ስሱን ሸማ አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ እሳቱን በነጠላው ውስጥ አሻግራ ስታይ አገኘኋቸው። ከጀርባዬ የነበረው ደመራ በፎቶው ውስጥ የለም፤ ፎቶውን ያየ ሰው ግን «ይሄማ መስቀል ነው» ሳይል አያልፍም። በማግስቱ ማለዳ አመዱን በጣታቸው እየነኩ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ምልክት የሚያደርጉትን ሰዎች ለማንሳት የሚመጣ ጋዜጠኛ ደግሞ እስካሁን በሰፈራችን አላየሁም፤ ምናልባት ክትፎው ይዞት ይሆናል።

ከመስቀል በኋላ የሽርሽር ጊዜ ይመጣል። ዝናቡ ቀንሶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው ዘመነ ጽጌ የአዲስ አበባ ሰው ምሳውን ቋጥሮ ወደ እንጦጦ፣ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ መናገሻ ጫካ፣ አቅሙና መኪናው የፈቀደለትም ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ይወጣል። እንጦጦ ላይ ቀድሞ ባሕር ዛፍ ሥር ጋቢ አንጥፎ መቀመጥ ነበር ወጉ፤ በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ የእግር መንገዱም መናፈሻውም ተበጅቶለታል፣ ጋቢ አንጣፊው ግን አልጠፋም። በፔርሙስ የመጣው ሻይ ሲቀዳ፣ ድፎው ተቆርሶ ለማንም ሳይዳረስ ልጆቹ ዳር ዳሩን ሲመነጭሩት፣ «ዛሬ እንኳ ሥራ አላስብም» ያለው አባት ስልኩን ይዞ ከዛፍ ጀርባ ሲሰወር፣ ይህ ሁሉ ለእኔ የፎቶ ሲሳይ ነው። ፈረስ ላይ ወጥቶ ለመነሳት ብቻ የሚከፍለውንም ሰው አልረሳሁትም፤ በእንዲህ ዓይነት ፎቶ ላይ ሁልጊዜ አምሮ የሚወጣው ፈረሱ ነው፣ ፎቶ እየተነሳ መሆኑን ስለማያውቅ።

እዚህ ላይ ስለ አደይ አበባ አንድ አቤቱታ አለኝ። ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ የሚነሳው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ቀድሞ የተነሳው ሰው ተቀምጦ ያጎደጎደው ቦታ ለሚቀጥለው መቀመጫ ይሆናል፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስም አበባው መሬት ላይ ይተኛል። አደይን በዓመት የምናየው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ጥቅምት ሲጋመስ የሚጠወልግ አበባ ላይ መቀመጥ ደግሞ ለፎቶውም አይጠቅምም። አበባው ውስጥ የገባ ሰው ፎቶው ላይ ከወገቡ በታች የተቆረጠ ይመስላልና። ከአበባው ኋላ ራቅ ብሎ ይቁም፤ አንሺው ተንበርክኮ ካሜራውን ከአበባው እኩል ዝቅ ያድርግ። ያን ጊዜ ከፊት ያለው አደይ ፎቶውን ይሞላዋል፣ ሰውየውም አንድ ቅጠል ሳይረግጥ በአበባ ባሕር መካከል የቆመ ይመስላል። የሚቆሽሸው የአንሺው ጉልበት ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ተከፍሎበታል።

ከደንበኞቼ የሚመጣብኝ ዋናው ስሞታ «ምነው አጠቆርከኝ?» የሚል ነው። ካሜራ፣ የስልኩም ይሁን ትልቁ፣ ብርሃን ሲለካ ከፊቱ ያለው ነገር ተደምሮ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ቤተሰቡ በሙሉ የሐበሻ ቀሚስና ጋቢ ለብሶ ነጭ በነጭ ሆኖ ሲቆምለት ብርሃኑ የበዛ መስሎት ሁሉንም ያጨልመዋል፤ ነጩ ቀሚስ አመድማ ይሆናል፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ከነፈገግታው ይጠፋል። በስልክ የሚያነሳ ሰው ስክሪኑ ላይ ፊትን በጣቱ ነክቶ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ቢያደርገው ነገሩ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላም «አቅላኝ» የሚለኝ ሰው ካለ ጉዳዩ ከካሜራው አልፏል ማለት ነው፤ እኔም የመልክ ነገር የእግዜር ሥራ ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

ሌላው ጠንቅ ሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ የመስከረም ፀሐይ ስድስት ሰዓት ገደማ አናት ላይ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት የተነሳ ሰው ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ የአፍንጫው ጥላ ከንፈሩ ላይ አርፎ፣ ሰባቱንም አጽዋማት ሳያቋርጥ የጾመ ይመስላል። ሽርሽር የወጣ ቤተሰብ ግን «ምግቡ ሳይቀርብ፣ ልብሳችን ሳይቆሽሽ አሁኑኑ አንሳን» ብሎ የሚያጣድፈው በዚሁ ሰዓት ነው። እኔ ወደ ዛፍ ጥላ እወስዳቸዋለሁ፣ እነሱ «ጨለማ ነው» ብለው ወደ ፀሐዩ ይመለሳሉ፤ በዚህ መሐል ወጡ ይቀዘቅዛል። ከ11 ሰዓት በኋላ የሚመጣው ለስላሳ ብርሃን እስኪደርስ ቢታገሡኝ ሁላችንም እንጠቀም ነበር፤ ያ ብርሃን ግን በእኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ረጅም ጊዜ አይቆይም።

ያ አጭር ብርሃን ደግሞ በይሉኝታ ያልቃል። ለቡድን ፎቶ ከፊት ወንበር ተደርድሮ «አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ» ይባላል። «ኧረ እኔ እዚሁ ጥግ ይበቃኛል፣ ጋሼ ይቀመጡ» ይላሉ። ጋሼ ደግሞ «እርስዎ እያሉማ አይሆንም» ብለው ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ «በሞቴ!»፣ «ኧረ እኔን!» ይከተላል፤ አንዲት አክስት ሁለቱንም ልታስማማ ብላ ራሷ ከመደዳው ትወጣለች፤ በመጨረሻ ሁሉም ቦታውን ይዞ ሲቆም መኪና ሊያስተካክል የሄደው ልጅ አለመኖሩ ይታወሳል። ፀሐይዋ በዚህ መሐል ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ገብታለች። ከዓመታት ልምድ በኋላ የደረስኩበት ብልሃት ክርክሩን ራሱን ማንሳት ነው። ሁሉም ከተደረደረ በኋላ የሚገኘው ፎቶ ላይ ሰው ሁሉ እንደ ሐውልት ተገትሮ፣ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ነው፤ አንዱ ሌላውን በክንዱ እየጎተተ «እርስዎ ይቅደሙ» በሚልበት ፎቶ ላይ ግን ማን ማንን እንደሚያከብር፣ ማን ለማን እንደሚሳሳ ያለ መግለጫ ይታያል። የተደረደረውንም ቢሆን አነሳና «በቃ፣ ጨርሰናል፣ እናመሰግናለን» ብዬ ካሜራውን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ሰዉ ትንፋሹን ለቅቆ መሳቅ ሲጀምር መልሼ አነሳዋለሁ። አልበም ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ ይሄኛው ነው።

ስለ ድግስ ካነሳሁ ዘንድ አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። የአንድን ክርስትና ወይም ምርቃት ፎቶዎች ለቅሜ ሳስረክብ፣ ቄሱ አሉ፣ ክርስትና አባቱ አሉ፣ ኬኩ በየአቅጣጫው አለ፣ የማይገኙት ድግሱን የደገሱት ናቸው። ዶሮውን በ12 ብልት ያወጡት እናት፣ ሽንኩርት ሲከትፉ ያመሹት ጎረቤቶች፣ እንጀራ ሲጋግሩ ዓይናቸው የቀላው ዘመዶች ካሜራው ሲመጣ በር ይዘጋሉ። «እኔን ተወኝ፣ ወጥ ወጥ እሸታለሁ» ይሉኛል፤ ፎቶ እንደማይሸት ባስረዳም የሚያምነኝ የለም። ስለዚህ አሁን አሁን ስጠራ ማልጄ ሄጄ ከጓዳ እጀምራለሁ። በአንዲት ትንሽ መስኮት የሚገባ ብርሃን፣ ከድስቱ የሚወጣ እንፋሎት፣ እስከ ክርን የተሰበሰበ እጅጌ፤ የትኛውም የመናፈሻ አበባ ይህን አይተካውም። ቡናውም ሲፈላ እንዲሁ ነው። የዕጣኑ ጭስ መስኮቱን ከኋላው አድርጎ ሲነሳ ራሱን የቻለ ጌጥ ነው፣ የተጎዘጎዘው ቄጤማ ደግሞ አረንጓዴውን ከታች ወደ ላይ እያንጸባረቀ የቡና አፍይዋን አገጭ ቀለም ይቀባዋል። ይህንን ቀለም በኮምፒውተር አጥፋልኝ ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ ነበር፤ አላጠፋሁትም።

የጋዜጣችሁ አንጋፋ አንባቢዎች ፊልም የነበረበትን ዘመን ያስታውሳሉ። አንድ ጥቅል 36 ፎቶ ብቻ ስለሚያነሳ በከንቱ የሚነሳ ሰው አልነበረም። ፎቶ ቤት የሄደ ሰው ከበሩ አጠገብ በተሰቀለው መስታወት ፊት በጋራ ማበጠሪያ ያበጥራል፣ ካስፈለገውም የቤቱን ኮትና ከረቫት ተውሶ በተሣለ ፏፏቴ ፊት ይቆማል። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ከጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ስምና ቀን ይጻፍበታል፤ አልበሙም እንግዳ በመጣ ቁጥር ከቡናው ጋር ይቀርባል። እንግዳውም የማያውቀውን ሰው ሠርግ ገጽ በገጽ እያገላበጠ «እቺ ደግሞ ማን ናት?» የማለት ግዴታ ነበረበት። ዛሬ በአንድ የልደት በዓል ብቻ በእንግዶቹ ስልክ የሚነሳው ፎቶ የዚያን ዘመን አልበም ሁሉ ይበልጣል፣ ከጀርባው ስም የተጻፈበት ግን የለም። የልደቱ ባለቤት አድጎ «እዚህ ጋ የያዙኝ ሰውዬ ማን ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው እንዲኖር ከተፈለገ፣ ፎቶውን አሳትሞ ጀርባው ላይ መጻፍ እስካሁን ከሁሉም የተሻለ ዘዴ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በበዓላት ሰሞን ከምታወጡት የፎቶ ገጽ ግማሹን፣ ካልሆነም ሩቡን፣ ለአንባቢዎቻችሁ ልቀቁላቸው። ሰው የሰፈሩን ደመራ፣ የሽርሽሩን ጋቢ፣ የጓዳውን እንፋሎት፣ በአረብ አገር ወይም በአሜሪካ ያለውም በአፓርትመንቱ ወለል ላይ በአርቴፊሻል ቄጤማ ያፈላውን ቡና ይላክላችሁ። ሁለት ነገሮችን ብቻ አጥብቃችሁ ጠይቁ። አንደኛው በፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች፣ ልጆች ከሆኑም ወላጆቻቸው፣ መፍቀዳቸው ነው። ሌላው ደግሞ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለው በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፉ ነው፤ «የበዓል ድባብ በከፊል» የሚለው መግለጫ ለብዙ ዓመታት አገልግሏልና ጡረታ ይውጣ። ፎቶው ትንሽ ቢደበዝዝ፣ አንዱ ዓይኑን ቢጨፍን፣ የሌላው ግማሽ ፊት ቢቆረጥ አትጣሉት።

የመጀመሪያውን ፎቶ እኔ ለመላክ ዝግጁ ነኝ። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ለእንቁጣጣሽ ቡና ሲቆሉ ያነሳሁት ነው፤ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣም ፈቅደውልኛል። ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ ሽርጥ የለበሱበት እንዳይሆን። ሽርጡን አውልቀው፣ ጥበባቸውን ለብሰው የተነሱበት ሌላ ፎቶም አለ፤ በእሱ ላይ ግን ለመታወቂያ የተነሱ ይመስላሉ፣ የሚስቁት በሽርጡ ብቻ ነው። ድርድሩ እስካሁን አላለቀም። እናንተ ገጹን ካዘጋጃችሁ ሽርጡን እኔ አስፈቅዳለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የበዓል ፎቶግራፍ አንሺ
ከአዲስ አበባ